ለእባቡ የተገዛችው ዶሮ

ልብስ ሰፊው እባቡን ያመጣው በጫማ ካርቶን ነው። ያኔ ከእርሳስ አይወፍርም ነበር፤ በሳምንት አንድ የአይጥ ግልገል ይበቃዋል። ዛሬ፣ በአራተኛ ዓመቱ፣ የሰው ባት አክሎ ጓዳውን ብቻውን ይዟል።

ሚስቱ "ጣውንቴ" ትለዋለች። ወዳ እንዳይመስላችሁ! ባሏ ከሱቅ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሰላም የሚለው እባቡን ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ያወርድና ወገቡን ይለካል። የሚበላው ነገር ከወገቡ መወፈር የለበትም፤ ከወፈረ ያንቀዋል ይላል። አይጥ፣ ከዚያ ጫጩት፣ ከዚያ ቄብ፣ እየለካ እያሳደገለት እዚህ አድርሶታል። ለሚስቱ ቀሚስ ከለካላት ግን ዘመን የለውም።

ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ባለፈው ወር ግን ብቻቸውን የሚኖሩት እናቷ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ግማሽ ቀን ሲጣሩ ዋሉ።

"እናቴ እኛ ጋ ትምጣ፤ ጓዳው ይለቀቅላት" አለችው።

"እባቡስ?"

"ሽጠው! ስጠው! ብቻ ይውጣልኝ። እባብ ካለበት ቤት አላድርም ብላለች።"

"እናትሽ ጎረቤት አላቸው። እሱ ከኔ በቀር ማን አለው?" አለና ሜትሩን ጠቀለለ።

ሴትየዋ በማግስቱ ማር ሆና ተነሳች።

"ልክ ነህ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የዛሬ ምሳው በኔ ነው።"

ባልየው ገርመም አደረጋት። "አንቺ? ለእሱ?"

"ምነው፣ ጣውንት አይታረቅም?"

ገበያ ወርዳ ታርደው ከተነጩት ዶሮዎች ሁሉ የሰባችውን መረጠች፤ ብዙ ትይዝልኛለች ብላ ነው። ነርስ ናትና መርፌ አይጠፋትም። የአይጥ መርዝ በጥብጣ፣ ደረቷንም ጭኗንም በመርፌ ወጋጋቻትና እንደ ታካሚ በጥጥ ጠረግ ጠረግ አደረገቻት።

ለምሳ ለገባው ባሏ ዶሮዋን አስረክባ ወደ ጤና ጣቢያዋ ሄደች። እያንጎራጎረች ስትወጋ ዋለች። አንድ ሽማግሌ ሱሪያቸውን እያጠለቁ "ልጄ፣ ዛሬስ እጅሽ ቀለለኝ፤ እጅሽ ይባረክ" አሏት።

አመሻሽ ላይ ስትመለስ ባሏ ወንበሩ ላይ ኩርምት ብሏል። ዓይኑ ቀልቷል። የጓዳው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ተጠርጎ ተወልውሏል። እባቡ የለም።

ልቧ ዘለለ።

"ምነው? ምን ሆንክብኝ?" አለች፣ የሐዘን ድምፅ አበጅታ።

"እባቡን ለጓደኛዬ ሰጠሁት" አለ አፍንጫውን እየጠረገ። "አንቺ የምትጠይው ሴት ምሳውን ከገዛሽለት፣ እኔ በእናትሽ ላይ እንዴት ልጨክን? ሄጄ ነግሬያቸው መጣሁ። ነገ ጠዋት እናመጣቸዋለን።"

"እውነትህን ነው? ምን አለች?"

"አለቀሱ። መረቁኝ።"

አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ጉንጩን፣ ግንባሩን ሳመችው። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስማው አታውቅም። ይሄ ጣውንት በሰው ቤት ቢሞት ማን ይጠይቃታል? ሳቋ አመለጣት።

"ለመሆኑ ምሳውን በልቶ ሄደልኝ?"

"የት አባቱ! ብለካት ከወገቡ ሦስት ጣት በለጠች። ጠብሼ ለእናትሽ ወሰድኩላቸው፤ አጥንቷ ሳይቀር ግጠው በሉልኝ።"