ዘጠና ቀን

ናኦድ ካሳንቺስ ባለ አንድ የግል አምቡላንስ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ወደ ድርጅቱ የሚደወል ስልክ ሁሉ ይቀረጻል፤ ቅጂው በቀንና በደዋይ ቁጥር ተፈልጎ እንዲገኝ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ቅጂዎቹ የሚቀመጡበት ሰርቨር እየሞላ ሲያስቸግር ናኦድ ደንብ አበጀለት። አዲስ ቅጂ ፈጣኑ ዲስክ ላይ ይቆያል፤ ከወር በኋላ ወደ ዘገምተኛው ይዛወራል፤ ጊዜው ሲያልፍ በራሱ ይጠፋል።

የታዘዘው አንድ ዓመት እንዲቆይ ነበር። ናኦድ ለሙከራ ዘጠና ቀን ብሎ ሞላ። ሙከራው ሠራ። ቁጥሩን መመለሱን ግን ረሳው።

በጥር ወር ቂርቆስ ሰፈር የሚኖሩ አቶ አስመላሽ የሚባሉ ሰው ልባቸውን አሟቸው ሞቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጀማነሽ አምቡላንስ ጠርተው ነበር፤ አምቡላንሱ ግን አልደረሰም። በሚያዝያ መጨረሻ የሟቹ ወንድም ድርጅቱን ከሰሱ። ያን ቀን ስልክ ላይ የነበረችው ልደት ናት።

"በቀን ስንት ስልክ ነው የማነሳው፤ ይሄኛውን አላስታውሰውም" አለች። "በቃ ቅጂውን አውጡና ስሙት።"

ናኦድ ፈለገው። ከጠፋ ስድስት ቀኑ ነበር።

አለቆቹ ሲጠይቁት፣ "ሲስተሙ አስቸግሮኛል፣ እየሞከርኩ ነው" አለ። ልደት ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገደች። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ናኦድ ጠረጴዛ ጋ ቆመች።

"ናኦዴ፣ በናትህ በደንብ ፈልግልኝ።"

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ጀማነሽ በየረቡዑ ይመጡ ጀመር። ጥቁር ለብሰው እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

"ልጄ፣ ቅጂው ተገኘ?"

"ገና ነው፣ እማማ።"

"እንግዲህ እመለሳለሁ።"

ሠራተኛው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። "ምስኪን፣ ፍትሕ ፈልገው እኮ ነው" ይላሉ። ናኦድን ምሳ አልወርድ አለው።

በአምስተኛው ረቡዕ አልቻለም። ወይዘሮ ጀማነሽን ለብቻቸው ወደ ኮሪደሩ ወሰዳቸው።

"እማማ፣ ቅጂው የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማለቴ... ዓመት ማለት ሲገባኝ ዘጠና ቀን ብዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ወይዘሮ ጀማነሽ ግድግዳውን ተደገፉ።

"ሌላ ቦታ ኮፒ የለውም?"

"የለውም።"

"ዳኛ ቢያዝም?"

"ማንም ሊያወጣው አይችልም።"

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ናኦድም አብሮ አለቀሰ። አንገቱን አቅፈው ሳሙት።

"እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ይሄን ለሌላ ሰው እንዳትተነፍስ፤ ከእንጀራህ ያፈናቅሉሃል።"

"ልደትስ?"

"እሷን ፈጣሪ ያውቅላታል።"

ሲወጡ ናኦድ በመስኮቱ ቁልቁል አያቸው። እንዲህ ያለ ደግ ሰው መበደሉ አንገበገበው።

ወይዘሮ ጀማነሽ ታክሲ ተራው ጋ ሲደርሱ ቆሙና ለእህታቸው ደወሉ።

"አጸደ፣ ጠፍቷል" አሉ። "መልሼ ደውዬ 'ተሽሎታል፣ አትምጡ' ያልኩትን ከእንግዲህ የሚሰማ የለም።"