ከጃቢር ሱቅ የተገዛ ሻርፕ

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ የተኛው ባሏ በመጨረሻ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ዙበይዳ በደስታ ፊቱ ላይ ተደፋች። ዓይኑ ግን ፊቷ ላይ ሳያርፍ አልፏት ሄደ። «ረሳኝ» ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ኩርምት አለች። የዓይን ሐኪሙ መጥቶ ጠብታ ጨመረና በመብራት ውስጡን ሲያይ ቆየ። «እናቴ፣ ዓይናቸውም ውስጥ ደም ፈሷል። አልረሱዎትም፤ አላዩዎትም። ራሳቸውን ከፍ አድርገው ይተኙ። ደሙ በራሱ ካልጠራ በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን።»

ልቧ ግን ሊያምን አልቻለም። ትራሱን ከፍ ልታደርግለት ስትጎነበስ የሻርፗ ጫፍ እጁ ላይ ወደቀ። ዕድሜውን ሙሉ ጎንደር ገበያ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነውና፣ ጫፉን በሁለት ጣቶቹ ይዞ አሸት አሸት አደረገው።

«ምነው ዙበይዳ» አለ በደከመ ድምፅ፣ «አሁንም የባልሽን ሱቅ አልፈሽ ከጎረቤታችን ከጃቢር ትገዣለሽ?»

ስንት ዓመት የደበቀችውን ለካ በጣቱ ያውቅ ኖሯል! ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።

«የሱ ቀለም ያምራላ!» አለችው።

«እንግዲያ ዓይኔ ይጥራልኝና አየዋለኋ።»