የመምህሩ ወንበር

የመጨረሻውን ሚስማር ስትነቅለው የወንበሩ ሆድ ተከፈተና አሮጌው ጥጥ አቧራውን ቡን አድርጎ ወጣ። በመስኮቱ የገባችው የዓርብ ከሰዓት ፀሐይ ብናኙን አየር ላይ ያዘችው፤ መውረዱን የረሳ ይመስል ነበር። ለእድሳት የመጣ ሶፋ ጠርዝ ላይ የተቀመጡት አባቷ እጃቸውን ዘርግተው አንዷን ብናኝ ሊይዙ ሞከሩ። አመለጠቻቸው፤ ፈገግ አሉ።

«ቀስ በይ፣ መርፌ» አሉ። «እንዳታሳምሚው።»

ስሟ መርፌ አይደለም። በልጅነቷ በጥያቄ ስለምትወጋቸው እሳቸው ያወጡላት ነው፤ እሷም አድጋ ሶፋና ወንበር አዳሽ ሆነችና በመርፌ እንጀራዋን በላች። ዘንድሮ እውነተኛው ስሟ ከአባቷ አእምሮ ጠፍቷል። መርፌ ግን አልጠፋችም።

ወንበሩ የምኩራቡ መምህር ወንበር ነው። አባቷ ሰንበት በመጣ ቁጥር እሱ ላይ ተቀምጠው ኦሪት ሲያስተምሩ ፀጉራቸው ሸበተ። ባለፈው ሰንበት ግን አንድ ታሪክ ጀመሩ፤ መልሰው ጀመሩት፤ አሁንም መልሰው ጀመሩት። በመጨረሻ ቀና ብለው «ለመሆኑ እናንተ ሰዎች ምን ፈልጋችሁ ነው የተሰበሰባችሁት?» አሉ። ሳቅ ያመለጠው ሰው ነበር። እሷ መሬት መሬት እያየች ዋለች።

ዛሬ ጠዋት የምኩራቡ ሽማግሌዎች ወንበሩን አሸክመው መጡ። «መቀመጫው ሰምጧል። አድሺውና ከነገ ጀምሮ አንቺ ተቀመጪበት፤ ካንቺ በላይ የእሳቸውን ትምህርት የያዘ የለም» አሏት። ከዚያ አንደኛው ጉሮሮውን ጠራርጎ «ለአባትሽ ግን፣ ያው፣ አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል» አለ። ብልጦች ናቸው፤ መርዶውን ለልጅ ጥለው ውልቅ አሉ። እሷም ዝም አይነቅዝም እያለች ሚስማር ስትነቅል ዋለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፣ ሥራም ይቆማል፤ ወንበሩም ነገሩም ከዚያ በፊት ማለቅ አለባቸው።

«የማን ወንበር ነው?» አሉ አባቷ።

«የአንድ መምህር።»

ጎንበስ ብለው የጎደጎደውን መቀመጫ በመዳፋቸው ዳበሱት። «ብዙ ተቀምጦበታል። ወይ ትዕግሥተኛ ነው፣ ወይ ሰነፍ።»

«ትዕግሥተኛ ናቸው» አለች።

አሮጌውን ጥጥ እፍኝ እፍኝ እያወጣች ጭናቸው ላይ ከመረችላቸው፤ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ደስ ይላቸዋል። በጣታቸው ያባዝቱት ጀመር። ተጋግሮ የከረመው ጥጥ እየላላ፣ እያበጠ ጉልበታቸውን ሸፈነው። የእሷ እጅ እየሠራ ልቧ ግን ነጎደ፤ ተመልሳ ልጅ ሆና እዚሁ ወንበር እግር ሥር የተቀመጠች፣ የአባቷም ድምፅ ከላይ ቀስ እያለ ራሷ ላይ የሚወርድ መሰላት።

«ሙሴ የሰበራቸው ጽላቶች» አሉ አባቷ ድንገት፣ «የት ገቡ?»

ቀና አለች። የድሮ ጥያቄያቸው ነው። ልጅ ሆና ጠይቀዋት «ተጠርገው ተጣሉ» ብላ ምኩራቡን ሙሉ አስቃዋለች። ያኔ መልሱን እያወቁ ነበር የሚጠይቁት። አሁን ዓይናቸው ውስጥ ያለው ጭንቀት ብቻ ነው።

«ሁለተኛዎቹ ጽላቶች መጡ፤ ሙሉዎቹ። እሺ። ስባሪዎቹስ? ሕዝቡ መንገደኛ ነው፣ አገሩ በረሃ ነው። ስባሪ ድንጋይ ማን ይሸከማል?»

«ተሸክመዋቸዋል፣ አባባ። ስባሪዎቹም ሙሉዎቹም አንድ ታቦት ውስጥ ነው የተቀመጡት።»

«ማን አለ?»

«እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።» ትምህርቱ በዚህ አያበቃም፤ ዕድሜ እውቀቱን ያስረሳው ሽማግሌም እንደ ስባሪዎቹ ጽላቶች ይከበር ይላል። ልትጨምረው አፏን ከፈተችና መልሳ ዋጠችው።

«እኔ?» ትንሽ አሰቡ። «ጎበዝ ነበርኩ በይኛ።»

ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። የያዘችውን ጥጥ አስቀመጠች።

«አባባ፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው። ከነገ ጀምሮ እኔ እንድቀመጥበት ጠይቀውኛል።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። አባቷ ማባዘታቸውን ተዉት። ወንበሩን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ብርሃኑ መቅላት ጀምሯል።

«ታዲያ እኔ የት ልቀመጥ?» አሉ በመጨረሻ። ቂም የለበትም። መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው የጠየቁት።

ቀኑን ሙሉ የተጨነቀችው እንዴት እንደምትነግራቸው ነበር። የት እንደሚቀመጡ ሽማግሌዎቹም አላሰቡ፣ እሷም አላሰበች። አፈረች።

«እኔ አጠገብ» አለች። «እርስዎ ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልሳለሁ።»

«መልሱ ቢጠፋሽስ?»

«አብረን እንፈልገዋለን።»

ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከዚያ ጭናቸው ላይ ያለውን የጥጥ ክምር በሁለት እጃቸው አቅፈው ተነሡ፤ በሩ ሥር ያለውን የአዲስ ጥጥ ጆንያ አይተዋል።

«ይሄ አሮጌው ነው» አሉ። «የት ልጣልልሽ?»

ተቀበለቻቸውና የወንበሩ ሆድ ውስጥ ከሥር ነሰነሰችው፤ አዲሱን ከላዩ ደረበችበት። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ጨርቁን ወጥራ መዶሻዋን አነሳች፤ አባቷ አጠገቧ ቆመው ሚስማሩን አንድ በአንድ ያቀብሏት ጀመር።