ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ አድራሻ

«ስጪያቸውና እንገላገል!» አለ አባቷ፣ ደብዳቤውን ልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ። ዕድሜ ልኩን ከእጁ ያልተለየውን መቀስ ዛሬ ጠረጴዛው ጥግ ጥሎታል።

ልጅቱ ወረቀቱን አነሳች። የስፌት ቤታቸው ድረ ገጽ ስም የሌላ ሰው የንግድ ምልክት ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ስሙን ካላስረከቡ ይከሰሳሉ ይላል። ግርጌው ላይ የብርጭቆ አፍ የሚያክል ማህተም አለ። አባቷ ማህተም ካየ አለቀለት።

ድረ ገጹን ማንም ሳያስተምራት፣ እያፈረሰች እየገነባች የሠራችው እሷ ናት። ዛሬ ሙሽሮች ስፌት ቤቱን የሚያገኙት በዚያ ስም ነው። ስሙ ከሄደ የአባቷ የስፌት መኪናም ጸጥ ይላል።

«በዚህ ዕድሜው ፍርድ ቤት ይንከራተት?» አለ ታላቅ ወንድሟ ከበሩ። ባለፈው ወር ከአባቱ ተለይቶ፣ ሁለት መንገድ አልፎ የራሱን ስፌት ቤት ከፍቷል። ደብዳቤው በኢሜይል አባቱ ስልክ ላይ መግባቱን ሲሰማ ግን ሥራውን ጥሎ፣ ጭራሽ አሳትሞ ይዞ መጣ። «አንቺ ስልክ ያስመረቀሽ ጠበቃ፣ አትከራከሪ።»

«ስልኬ ማንበብ አስተምሮኛል። አንተን ግን ትምህርት ቤቱም አልቻለህም።» ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ እየው። ምልክቱ የማን እንደሆነ አይናገርም፤ የምዝገባ ቁጥር የለው። ደብዳቤውን የፈረመው ጠበቃ ቢሮ የለው፣ ስልክ የለው። ሃያ ዓመት ሠራን ይላሉ፤ የራሳቸው ድረ ገጽ የተከፈተው የዛሬ ዘጠኝ ቀን ነው። ገና እትብታቸው አልደረቀም! ደግሞ የእውነት ከሳሽ ፍርድ ቤት ይሄዳል እንጂ የድረ ገጹን ቁልፍ በኢሜይል ላኩልኝ ይላል?»

አባቷን ሳቅ አመለጠው።

«እስቲ ስልክህን» አለችው፣ ደብዳቤው በየትኛው አድራሻ እንደገባ ለማየት። ለጨርቅ አቅራቢው አንድ፣ ለደንበኛ ሌላ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ የኢሜይል አድራሻ መስጠት ልማዷ ነው፤ አንዱ ጉድ ቢሠራ በየት በኩል እንደመጣ እንድታውቅ። በሁሉም የሚላከው አባቷ ስልክ ላይ ስለሚገባ፣ ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

አየችው። እንደገና አየችው።

ለወንድሟ ብቻ የሰጠችው አድራሻ ነበር።

ቀና ስትል ከወንድሟ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱ ቀድሞ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ታዲያ ማን ነው ይህን ያህል የጠላን?» አለ አባቷ።

የአባቷን እጅ አየች፤ መቀሱን መልሶ አንስቷል።

«ሌባ ነው፣ አባዬ። ስሙ ምን ያደርግልሃል።»

«ተመስገን!» አባቷ ወደ ልጁ ዞረ። «አንተም ተባረክ። ሥራህን ጥለህ የደረስክልኝ አንተ ነህ። ምነው፣ ኮትህ ትከሻው ላይ ያዘህ? ና፣ ሌላ ልስፋልህ።»

«ይቅር፣ አባዬ...»

«ና ብያለሁ!»

ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። አባቷ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የልጁ ጀርባ ላይ ዘረጋው፤ በመዳፉም ቀስ አድርጎ ዳበሰው።

«አርባ ስድስት። ጻፊ፣ ልጄ።»

ደብዳቤውን ገለበጠችና ጻፈች።