እልል ያልኩለት እግር

«ዐይንዎን ይጨፍኑ አባ» ትላለች ነርሷ ሲና። «ክሩ ሲነካዎት ‹አዎ› ይበሉኝ።»

ባለቤቴ ቄስ ወልደ ጻድቅ ይጨፍናሉ። አልጋው ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ለፈተና እንደቀረበ ተማሪ ኮስተር ብለዋል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ወንበር አለ፤ መቀመጥ ግን አላሰኘኝም። ከእሑድ ወዲህ ምንም አያሰኘኝ።

እሑድ በቅዳሴ መሐል ከዕጣን ማጠኛው ጽና ፍም ወድቆ ረግጠውት ቆሙ። ጸሎቱን እንኳ ሳያቋርጡ! የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ምንጣፉ ነው ተባለ። ቤት ገብተው እግራቸውን ሳጥብ ነው ተረከዛቸው ሥር ያለውን ጉድ ያየሁት። «ኧረ ምን ሆነው ነው?» ብላቸው፣ «ምን ሆንኩ?» ብለው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ። እምቢ ቢሉም በሚኒባስ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ አመጣኋቸው።

ሲና ቁስሉን አጥባ አሸገችው። ከዚያ ጣታቸውን ወግታ ደማቸውን በትንሽ መሣሪያ አየች። ስኳር ኖሮባቸዋል።

«እግርዎን ያቃጥልዎት፣ ይወጋዎት ነበር?» አለቻቸው።

እኔ ቀድሜ መለስኩ። «ነበር እንጂ! ሌሊቱን እንደ ሳማ ሲለበልባቸው ያድር ነበር። ጠበል ተጠመቁና ለቀቃቸው።» ይህን ስል ኮራ ብዬ ነው። ስለታችን ሠመረ ብለን ለታቦቱ ጥላ አስገብተናል። በሕዝብ ፊት እልል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ።

ሲና ትክ ብላ አየችኝ። «እናቴ፣ አልዳኑም። እግራቸው መስማት አቁሞ ነው። ስኳር ሳይታወቅ ሲቆይ እንዲህ ያደርጋል። ቢወጋቸው፣ ቢያቃጥላቸው አያውቁትም። ቁስሉ ውስጥ ውስጡን ያመረቅዝና እግር እስከ መቁረጥ ይደርሳል።»

«በመንዝ ብርድ የማን እግር ነው የማይደነዝዝ?» አሉ ቄሱ እየሳቁ።

«እንግዲያው በዚህ ክር እንየው። ካልተሰማዎት ከእንግዲህ በባዶ እግር መቆም የለም። ቤተ መቅደስም ቢሆን።»

ሳቃቸው ጠፋ። «ጫማ አድርጌ ልቀድስ? ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ሥራ አላውቅም እኮ ልጄ። ሞክሪኝ በይ። ይሰማኛል።»

እነሆ እየሞከረቻቸው ነው። ክሩ ከፈረስ ጭራ ፀጉር አይወፍርም። አውራ ጣታቸው ላይ ታሳርፈዋለች፤ ክሩ ይጎብጣል። ዝም። ትንሿ ጣታቸው ላይ። ዝም። ውስጥ እግራቸውን ከላይ እስከ ታች፣ ቁስሉን ብቻ እየዘለለች ትነካካለች። እሳቸው በትዕግሥት ይጠብቃሉ።

«ጀምሪ እንጂ ልጄ» ይላሉ።

«እሺ አባ» ትላለች ሲና። ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

ወደ ሌላው እግር ትዞራለች። እዚያም ያው ነው። አንዳች ነገር ጠርጥረዋል መሰለኝ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ይላል።

«አዎ» ይላሉ።

ክሩ አልነካቸውም ነበር።

«አዎ» ይላሉ ደግሞ፣ ጥቂት ቆይተው።

ሲና ቀና ብላ ታየኛለች። እንዳለቅስ፣ ወይም አንድ ነገር እንድል የምትጠብቅ ይመስለኛል። ማልቀስስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። እንባው የት እንደገባ እንጃ። ክሩን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና እጇን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች።

«አዎ» ይላሉ ባለቤቴ፣ ዐይናቸውን ጥብቅ አድርገው ጨፍነው። «አዎ። አሁንም፣ አዎ።»