ለወግ የተባለ እምቢታ

በሮች የባለቤታቸውን ቃል እንደ ሕግ መፈጸም ከጀመሩ ወዲህ ሰው ሁሉ በገዛ ቤቱ አንደበቱን ቆጥቦ ነው የሚናገረው። አቶ ደስበለው ግን የዚያን ቀን ረሱት። ልጃቸውን ምንትዋብን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች፣ በልባቸው እልል እያሉ፣ ለወጉ ያህል ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «እኛ ቤት ልጅ የለችም!» ብለው ሸኟቸው። ሽማግሌዎቹም ወጉን ያውቃሉና ፈገግ ብለው ወጡ።

ደጁ ላይ ከሥራ ከምትመለሰው ምንትዋብ ጋር ተገጣጠሙ። በሩ ግን አልከፍትም አላት።

«በዚህ ቤት ልጅ የለችም ተብሏል።»

«ኧረ ክፈት! ለወግ ነው ያልኩት!» ብለው ጮኹ አቶ ደስበለው ከውስጥ።

«የተነገረ ቃል የሚታረመው ከሠላሳ ቀን በኋላ ነው» አለ በሩ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አቶ ደስበለው፣ የእርስዎ ካልሆነች እኛው ይዘናት እንሂዳ!»