ለኮሌጅ የተላኩ ሽማግሌዎች

የሰልሚያ አባት ያለ ሽማግሌ ኮሌጅ ይገባል ቢሏቸው አላመኑም። በምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሁለት ሐጂዎች ከእንሴኖ አስከትለው ወልቂጤ፣ ሬጅስትራሩ ፊት ቁጭ አሉ። ልጅቷ በራሷ ውጤት አልፋ ስሟ ከበሩ ላይ ተለጥፏል። የቀረው ትራንስክሪፕቷን ማስረከብ ነው፤ እሱ ደግሞ በፖስታ ታሽጎ አባቷ ብብት ውስጥ ነው።

«ልጃችንን ተቀበሉን ብለን መጣን» አሉ ትልቁ ሐጂ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«ተቀብለናታል አባቶቼ፤ ፖስታውን ስጡኝ» አለ ሬጅስትራሩ፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባቷ ፖስታውን ይባስ ብብታቸው ውስጥ ወሸቁት።

«እናቷን ስናስጠይቅ ሦስት ጊዜ ነው የመለሱን» አሉ። «ይሄ ገና አፋችንን ሳንከፍት እሺ አለ። ተማሪ ቢያጣ ነው። ተነሱ፣ እንሂድ።»

«አባ፣ ዛሬ ካልተመዘገብኩ ዓመቱ አለፈኝ እኮ።»

«ደህና ቦታ ይፈለግልሻል።»

ሰልሚያ ከአባቷ ጀርባ ሆና ሬጅስትራሩን በዓይኗ ለመነችው፤ ራሷንም ግራና ቀኝ ነቀነቀች፣ እምቢ በል እንደ ማለት። ሰውየው ሦስት እህቶች ድሯልና ገባው። ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

«ይቅርታ አባቶቼ፣ ቸኩያለሁ። ነገሩ ምክር ይፈልጋል። ከምሳ በኋላ ተመለሱ።»

የአባቷ ፊት በራ። «አሁን ወግ ያለው ቤት ሆነ» አሉ።

በሩ ላይ ትልቁ ሐጂ ወደ ሰልሚያ ጠጋ አሉ። «አይዞሽ ልጄ፣ መለሱን ብለሽ አትከፊ። ከምሳ በኋላ አጥብቀን እንለምንልሻለን።»